ጎተራ የሌለው ሀብት፦ የካሊፎርኒያ ስኩዊድ፣ የኤልኒኖ ተጽዕኖና የማስገር አስተዳደር

እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ 70,000 ሜትሪክ ቶን ገደማ ስኩዊድ ተይዞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ባሕር የተያዘው ግን 3,000 ቶን እንኳ አልሞላም። በ1999 ደግሞ መጠኑ አንሠራርቶ 90,000 ቶን ገደማ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚህ ሦስት ዓመታት ጀልባዎቹም፣ መረቦቹም፣ የአስጋሪዎቹ ሙያም አልተለወጡም። የተለወጠው ባሕሩ ነበር። ከ1997 አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1998 የዘለቀው ኤልኒኖ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተመዘገቡት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ ሲሆን፣ የምሥራቃዊውን ፓስፊክ ውኃ ከወትሮው በእጅጉ አሙቆት ነበር።

ይህ ክስተት ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው አንድ የባሕር ሀብት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሊያሽቆለቁል፣ በሌላው ዓመት ደግሞ ይህን ያህል ሊያገግም የቻለው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅን ሀብት በምን ዓይነት ደንብ ማስተዳደር ይቻላል የሚል ነው። የሁለቱም መልስ የሚጀምረው ከእንስሳው አጭር ዕድሜ ነው።

የእንስሳው ተፈጥሮና የሕይወት ዑደት

ስኩዊድ በልማድ ከዓሣ ጋር ቢቆጠርም ዓሣ አይደለም። አከርካሪ የሌለው፣ ከኦክቶፐስ ጋር የቅርብ፣ ከቀንድ አውጣ ጋር ደግሞ የሩቅ ዝምድና ያለው እንስሳ ነው። ስምንት ክንዶችና ምግብ ለመያዝ የሚወነጨፉ ሁለት ረዣዥም እጆች አሉት። ውኃን ወደ አካሉ ከረጢት አስገብቶ በጠባብ ቧንቧ በኃይል በማስወጣት ወደፊትና ወደ ኋላ ይፈተለካል። በዓለም ላይ በርካታ የስኩዊድ ዝርያዎች ያሉ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ የሚያዘው በሳይንሳዊ መጠሪያው ዶሪቴውቲስ ኦፓለሰንስ፣ በተለምዶ ደግሞ የገበያ ስኩዊድ የሚባለው ነው። የመኖሪያ ክልሉ ከሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ተነሥቶ እስከ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ ይዘልቃል። ለአካለ መጠን ሲደርስ ክንዶቹን ጨምሮ ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

የዚህ እንስሳ ዕድሜ በአማካይ ስድስት ወር ያህል ሲሆን፣ ከአሥር ወር የሚያልፍም አይገኝም። በሕይወቱ የሚራባው በአንድ ወቅት ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስኩዊዶች ከጥልቁ ባሕር ተነሥተው በዳርቻው አቅራቢያ ወደሚገኝ ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ወለል ይሰበሰባሉ። ሴቷ እንቁላሎቿን ጣት በሚመስሉ ነጫጭ ሽፋኖች ከታ ከአሸዋው ጋር ታጣብቃለች። በእያንዳንዱ ሽፋን ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላሎች ይኖራሉ። ወንዱም ሴቷም ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። እንቁላሎቹ እንደ ውኃው ሙቀት መጠን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይፈለፈላሉ። ከእነርሱ የሚወጡት ጨቅላዎች ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ናቸው። ወላጅ አይጠብቃቸውም፤ ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ በማዕበል እየተወሰዱ ደቃቅ የባሕር ነፍሳትን አድነው መብላት ግድ ይሆንባቸዋል።

የዚህ ዑደት ትርጉም ከሌሎች የባሕር እንስሳት ጋር ሲነጻጸር ግልጽ ይሆናል። ብዙ ዓመት የሚኖሩ ዓሦች በመንጋቸው ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው አባላትን ይይዛሉ። አንድ ዓመት ባሕሩ ከፍቶ ጨቅላዎቹ ቢያልቁ፣ ባለፉት ዓመታት የተወለዱት በሕይወት ስላሉ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይራባሉ። ይህም ያለፉ ዓመታትን ምርት በጎተራ አስቀምጦ ክፉ ዘመንን ከሚሻገር ገበሬ ጋር ይመሳሰላል። ስኩዊድ ግን ጎተራ የለውም። የዘንድሮው መንጋ የዓምናው መንጋ ልጅ ነው፤ ዓምና የነበሩት ሁሉ ሞተዋል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚገኘው የስኩዊድ ብዛት የሚወሰነው በዚያው ዓመት በተጣለው እንቁላልና ጨቅላዎቹ ባጋጠማቸው ባሕር ነው። የመንጋው ድንገተኛ ማሽቆልቆልም ድንገተኛ ማገገምም ከዚህ የመነጩ ናቸው። አንዲት ሴት በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ስለምትጥልና ልጆቿ በወራት ውስጥ ለመራባት ስለሚደርሱ፣ ባሕሩ ሲመች ጥቂት ወላጆች ብዙ መንጋ ሊያስገኙ ይችላሉ።

ነፋስ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ምግብ

በካሊፎርኒያ ዳርቻ የባሕር ሕይወት የሚደገፈው ከጥልቁ በሚወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። በተለይ በጸደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው እያራቀ ወደ ክፍት ባሕር ይገፋዋል። በተገፋው ውኃ ቦታ ከሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይተካል። ይህ ከጥልቁ የሚወጣ ውኃ እንደ ናይትሬት ባሉ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ በመሆኑ ብርሃን ወዳለበት ሲደርስ ደቃቅ ዕፀዋት ይበቅሉበታል። እነርሱን ደቃቅ እንስሳት ይመገባሉ፤ ክሪል የተባሉትን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ጨምሮ እነዚህ ደቃቅ እንስሳት ደግሞ የስኩዊድ ምግብ ናቸው።

ኤልኒኖ ሲከሠት ይህ ሰንሰለት ከሥሩ ይላላል። በወትሮው ጊዜ በሐሩር ፓስፊክ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሲዳከም፣ በምዕራብ ተከማችቶ የነበረው ሞቃት ውኃ ወደ አሜሪካ አህጉራት ዳርቻ ይመለሳል፤ ለውጡም ዳርቻውን ተከትሎ እስከ ካሊፎርኒያ ይደርሳል። ከላይ ያለው የሞቃት ውኃ ንጣፍ ይወፍራል፤ በንጥረ ነገር የበለጸገው ቀዝቃዛ ውኃም ወደ ታች ይርቃል። ነፋሱ እንደ ወትሮው ቢነፍስ እንኳ የሚያወጣው ያንኑ ሞቃትና ድሀ ውኃ ነው። የደቃቁ ነፍሳት ቁጥር ይቀንሳል፤ ገና የተፈለፈለው ጨቅላም አፉ የሚደርስበት ምግብ ያጣል። ተቃራኒው ሁኔታ፣ ማለትም ላኒና፣ ሲመጣ ደግሞ ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ላይ ቀርቦ ምግቡ ይበረክታል። በ1998 መጨረሻና በ1999 የካሊፎርኒያ ስኩዊድ ያንሠራራው በዚህ ዓይነት ወቅት ነበር።

የፓስፊክ ለውጥ የሚያስከትለው መዘዝ በፓስፊክ ብቻ አይወሰንም። የ2015 ኤልኒኖ የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ አዛብቶ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለምግብ እርዳታ የዳረገ ድርቅ እንዲከሠት አስተዋጽኦ አድርጓል። በዚያው ወቅት በካሊፎርኒያ የሚያዘው የስኩዊድ መጠንም እንደገና በእጅጉ ወርዶ ነበር። መሬትና ባሕር፣ ማሽላና ስኩዊድ የተራራቁ ቢመስሉም የሁለቱም ዓመታዊ ምርት ከአንድ የአየር ንብረት መዋዠቅ ጋር የተሳሰረ ነው።

ማስረጃው ከየት ይገኛል?

ስኩዊድ አጥንት ስለሌለው ዕድሜውን ለማወቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ስታቶሊት የተባለውን ደቃቅ ጠጠር ነው። ይህ ጠጠር በጭንቅላቱ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ እንስሳው በውኃ ውስጥ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ይረዳዋል። በየቀኑ አንድ ቀጭን ቀለበት ይጨመርበታል። ጠጠሩ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀለበቶቹን በመቁጠር እንስሳው ስንት ቀን እንደኖረና በየትኛው ወር እንደተፈለፈለ ማወቅ ይቻላል። ያንን ከአካሉ መጠን ጋር በማነጻጸር ደግሞ የእድገቱን ፍጥነት ማስላት ይቻላል።

በዚህ ዘዴ የተደረጉ ጥናቶች ያልተጠበቀ ውጤት አስገኝተዋል። በቤተ ሙከራ ምግብ በበቂ መጠን እስከቀረበለት ድረስ ስኩዊድ በሞቃት ውኃ ፈጥኖ ያድጋል። በ1997/98 ኤልኒኖ ወቅት ከካሊፎርኒያ ባሕር የተያዙት ስኩዊዶች ግን ውኃው ሞቃት ሆኖ ሳለ አካላቸው ያነሰ ነበር፤ ላኒናው ባቀዘቀዘው ውኃ ያደጉት ደግሞ ትልልቆች ሆኑ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሙቀት በራሱ ገዳይ አለመሆኑን የሚያመለክት ነው። እንስሳውን የጎዳው ከሙቀቱ ጋር የመጣው የምግብ እጥረት ነው። እንዲያውም ሙቀት የሰውነትን የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምር፣ ጨቅላው የበለጠ በሚርበው ጊዜ የሚያገኘው ምግብ ያንሳል።

ሌላው ማስረጃ ከረጅም ጊዜ የባሕር ቅኝት የተገኘ ነው። የካሊፎርኒያ ሰርዲን ሀብት ከተመናመነ በኋላ፣ በ1949 በምሕጻር ካልኮፊ የተባለ የምርምር መርሐ ግብር የዳርቻውን ውኃ በቋሚነት መመርመር ጀመረ። መርከቦቹ በተወሰኑ ጣቢያዎች እየቆሙ የውኃውን ሙቀትና ንጥረ ነገር ይለካሉ፤ በደቃቅ መረብም ዕንቁላልና ጨቅላ ይሰበስባሉ። በእነዚህ ናሙናዎች የተገኙት የስኩዊድ ጨቅላዎች ብዛት ከውኃው ሙቀትና ከንጥረ ነገር ይዘቱ ጋር አብሮ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ በኤልኒኖ ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህም በወደቦች የሚመዘገበው የምርት ማሽቆልቆል አስጋሪዎቹ መንጋውን ስላላገኙት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ያሳያል።

ጉዳቱ በስኩዊድ ላይም አይቆምም። የባሕር አንበሳ፣ ዶልፊን፣ ሳልሞንና የባሕር ወፎች በስኩዊድ ላይ የሚተማመኑ አዳኞች ናቸው። በሳንታ ካታሊና ደሴት አካባቢ ቀድሞ በብዛት ይታዩ የነበሩት አጭር ክንፍ ያላቸው ፓይለት ዓሣ ነባሪዎች ከ1982/83 ብርቱ ኤልኒኖ በኋላ ከአካባቢው ጠፍተው ለዓመታት ብዙም ሳይታዩ ቆይተዋል። ስኩዊዱ ሲመለስ አዳኙ ሁልጊዜ አብሮ አይመለስም።

መሸሽና መለወጥ

የአየር ንብረት መዋዠቅ የስኩዊድን ቁጥር ከማሳነስ ሌላ ቦታውንም ይለውጣል። ከ2014 እስከ 2016 ሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ባልተለመደ ሁኔታ ሲሞቅ የገበያ ስኩዊድ በሰሜን በኩል በብዛት መታየት ጀመረ። ቀድሞ ይህን እንስሳ እምብዛም ባልያዘችው በኦሪገን ግዛት ዳርቻም ከ2016 ወዲህ የስኩዊድ ማስገር እያደገ መጥቷል። ለእንስሳው ይህ የመትረፊያ መንገድ ነው። ለአስተዳደር ግን ችግር ይፈጥራል፤ የካሊፎርኒያ ደንብ ከግዛቲቱ ወሰን አልፎ አይሠራም፣ ስኩዊዱ ደግሞ ወሰን አያውቅም።

የሌላ ዝርያ ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ አካላዊ ለውጥን ነው። በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው የሁምቦልት ስኩዊድ ከገበያ ስኩዊድ እጅግ ይበልጣል፤ ክንዶቹ ሳይቆጠሩ የአካሉ ከረጢት ብቻ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ይደርስ ነበር። ከ2009/10 ኤልኒኖ በኋላ ግን በዚያው ስፍራ የተገኙት የሁምቦልት ስኩዊዶች 30 ሴንቲሜትር ሳይሞሉ፣ በስድስት ወር ዕድሜ ገደማ፣ ለመራባት የደረሱ ሆኑ። ቀድሞ ለዚህ ደረጃ ለመብቃት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስድባቸው ነበር። እንስሳው ምግብ ባነሰበት ባሕር ፈጥኖና አንሶ በመራባት ዘሩን አተረፈ። ኑሮዋን በትልልቆቹ ስኩዊዶች ላይ መሥርታ ለነበረችው ለሳንታ ሮሳሊያ ከተማ አስጋሪዎች ግን ይህ የገቢ መጥፋት ሆኖባቸዋል። አንድ ዝርያ ዘሩን ቢያተርፍም በእርሱ ላይ የቆመ ኑሮ ሊፈርስ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

የማስገሩ ሥራና ደንቡ

በካሊፎርኒያ የስኩዊድ ማስገር የተጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሞንቴሬ በሰፈሩ ቻይናውያን ነው። በሌሊት ችቦ እያበሩ ወደ ብርሃኑ የሚሳበውን ስኩዊድ በመረብ ይይዙ፣ አድርቀውም ወደ ቻይና ይልኩ ነበር። የዛሬው አሠራር በመሣሪያ ቢለይም በመርሑ አንድ ነው። አንዲት ጀልባ ብርቱ መብራት አብርታ መንጋውን ወደ ላይ ትስባለች፤ ሌላዋ መንጋውን በሰፊ መረብ ከብባ የመረቡን ሥር እንደ ከረጢት አፍ ታስረዋለች። የሚያዘውም በአብዛኛው ለመራባት የተሰበሰበው መንጋ ነው።

ስለዚህ ዋናው የአስተዳደር ጥያቄ ስኩዊዱ የሚያዘው እንቁላሉን ከመጣሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚል ይሆናል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ የስኩዊድ አስተዳደር ዕቅድ ለዚህ በርካታ መልሶችን አስቀምጧል። የጀልባ ፈቃድ ቁጥር ተገድቧል፤ የአንድ ጀልባ መብራት ከ30,000 ዋት እንዳይበልጥ ተወስኗል። በየሳምንቱ ከዓርብ እኩለ ቀን እስከ እሑድ እኩለ ቀን ማስገር ክልክል ሲሆን፣ ይህም መንጋው ሳይረበሽ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ እንዲያገኝ ታስቦ የተደነገገ ነው። ከሚያዝያ እስከ መጋቢት በሚቆጠረው የማስገር ዓመት የሚያዘው መጠን ደግሞ ከ118,000 የአሜሪካ ቶን፣ ማለትም ከ107,000 ሜትሪክ ቶን ገደማ፣ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦለታል። ከዚህም ሌላ ከተያዙት ሴቶች ናሙና እየተወሰደ በማሕፀናቸው የቀረው እንቁላል ይመረመራል፤ ከዚያም ምን ያህሉ ቀድሞ እንደተጣለ ይገመታል።

ይህ ደንብ በጥሩ ዓመታት ሥራውን ሲሠራ ታይቷል። በ2010 ጣሪያው በመሞላቱ ማስገሩ የዓመቱ ማብቂያ ሦስት ወር ከሚበልጥ ጊዜ ሲቀረው፣ በታኅሣሥ ወር፣ ተዘግቷል። ነገር ግን ቋሚ ጣሪያ የሚገታው የተትረፈረፈ ዓመትን ብቻ ነው። እንደ 1998 ባለ ዓመት በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ከተያዘው መጠን ከ35 እጥፍ በላይ ስለሚሆን አንድም ስኩዊድ ከመረብ አያድንም ነበር። ጥበቃው እጅግ በሚያስፈልግበት ዓመት ጣሪያው ከፍ ብሎ ይቀራል።

ከፎክላንድ ደሴቶች የሚገኝ ትምህርት

በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው የፎክላንድ ደሴቶች የማስገር ክልል የተለየ አሠራር አለ። ክልሉ በ1986 ታውጆ በ1987 መጀመሪያ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የስኩዊድ ሀብት የሚገመተው ማስገሩ እየተካሄደ ባለበት ወቅት ነው። መርከቦች በየዕለቱ የያዙትን መጠን ያሳውቃሉ፤ ተመራማሪዎችም የዕለቱ ምርት በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ ይከታተላሉ። የስሌቱን መርሕ በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ መርከብ በወቅቱ መጀመሪያ በቀን 30 ቶን ይይዝ ነበር እንበል። ሁሉም መርከቦች በድምሩ 10,000 ቶን ከያዙ በኋላ የአንዱ መርከብ የዕለት ምርት ወደ 20 ቶን ቢወርድ፣ መንጋው በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል ማለት ነው። የተወሰደው 10,000 ቶን አንድ ሦስተኛው ከሆነ መጀመሪያ የነበረው 30,000 ቶን ገደማ፣ አሁን የቀረው ደግሞ 20,000 ቶን ይሆናል። ትክክለኛው ስሌት የተፈጥሮ ሞትንና አዲስ የሚገባውን መንጋ ስለሚጨምር ከዚህ የተወሳሰበ ነው። የቀረው መጠን ለዘር ከሚያስፈልገው በታች እንዳይወርድ ካሰጋ ማስገሩ ቀድሞ ይዘጋል።

ይህም ዘዴ ቢሆን የባሕሩን ጠባይ አይለውጥም። በዚያው ክልል የአርጀንቲና ስኩዊድ ምርት በ2015 ከ350,000 ቶን በላይ ሆኖ ሳለ በ2016 ከ3,000 ቶን በታች ወርዷል። የዘዴው ጥቅም ውሳኔው ባለፉት ዓመታት አማካይ ሳይሆን በዘንድሮው መንጋ ላይ እንዲመሠረት ማድረጉ ነው። ጎተራ ለሌለው ሀብት ያለፈው ዓመት መዝገብ ብዙ አይነግርም።

ያም ሆኖ የፎክላንድን ዘዴ እንዳለ ወደ ካሊፎርኒያ መውሰድ አይቻልም። የካሊፎርኒያው ማስገር የሚካሄደው በመራቢያ ስፍራ በተሰበሰበ መንጋ ላይ ነው። መንጋው በጠቅላላ ቢመናመን እንኳ የቀሩት በአንድ ስፍራ ተሰብስበው መብራት ስለሚስባቸው፣ የአንድ ጀልባ የዕለት ምርት ለጊዜው ላይቀንስ ይችላል። አስጋሪው መረቡ ሲሞላ አይቶ ባሕሩ ሙሉ ነው ብሎ ያምናል፤ መረቡ ውስጥ የገባው ግን የመጨረሻው ዘር ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የሴቶቹን የእንቁላል መጠን መመርመርና የጨቅላዎችን ብዛት በባሕር ቅኝት መከታተል ለካሊፎርኒያ ከዕለት ምርት ይልቅ ታማኝ ምልክት የሚሆኑት።

ማጠቃለያ

የካሊፎርኒያ ስኩዊድ ታሪክ የአየር ንብረትንና የማስገርን ድርሻ ለይቶ ማየት እንደሚገባ ያሳያል። በአንድ ዓመት ስንት ጨቅላ ለአቅመ መራባት እንደሚደርስ በአመዛኙ የሚወስነው ባሕሩ ነው፤ ከደረሱት ውስጥ ስንቱ እንቁላሉን ጥሎ እንደሚሞት የሚወስነው ግን በአመዛኙ ሰው ነው። በ1999 መንጋው ሊያገግም የቻለው በ1998 ጥቂቶችም ቢሆኑ የተራቡ ስለነበሩ ነው። ኤልኒኖን ማስቀረት አይቻልም፤ ይሁንና ምልክቱ ከወራት በፊት ስለሚታይ መዘጋጀት ይቻላል። የፓስፊክ ውኃ መሞቅ በጀመረበት ዓመት ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ፣ የሳምንቱን የዕረፍት ቀናት ማራዘም ወይም አንዳንድ የመራቢያ ስፍራዎችን ለጊዜው መዝጋት አስጋሪውን የሚያሳጣው ከዚያ ዓመት አነስተኛ ምርት ከፊሉን ነው። በአንጻሩ የዘር እህሉን በክፉ ቀን የበላ ገበሬ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው እንደማይኖረው ሁሉ፣ በኤልኒኖ ዓመት የቀሩት ወላጆች ካለቁም ቀዝቃዛው ውኃ ሲመለስ የሚቀበለው መንጋ አይኖርም።